«ስታንድባይ» ፈቃድ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲገልጥ በአዲስ አበባ ዙሪያ የትንንሽ አውሮፕላን ድምፅ ይበዛል። ክረምቱን ደመና ያሰራቸው የሥልጠና፣ የጉብኝትና የሕክምና በረራዎች ይለቀቃሉ። በዚያው ሰማይ ወደ ቦሌ የሚገቡና ከቦሌ የሚነሡ ትላልቅ አውሮፕላኖችም ፋታ የላቸውም። ስለዚህ አብራሪ ሳያስበው፣ ፈቃድም ሳይሰጠው፣ በተቆጣጣሪ ሥር ወዳለ የአየር ክልል ስለሚገባበት ስሕተት መጻፍ ፈለግን። ይህ ሲሆን ብዙ ሰው «ጥጋብ ነው» ይላል። ሥራውን የምናውቅ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ግን የስሌት ጉድለት ነው። ከመግባቱ የሚከፋውም ከገቡ በኋላ ዝም ማለቱ ነው።

ከከተማው ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ሰማይ አንድ ሜዳ ነው። በበረራ ካርታ ላይ ግን ዋርካ ይመስላል። ግንዱ በማረፊያው ዙሪያ ከመሬት የሚነሣው የቁጥጥር ዞን ነው፤ በዓለም አቀፉ ደንብ አውሮፕላን በሚመጣበት አቅጣጫ ቢያንስ 5 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 9.3 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ቅርንጫፉ መሬት ሳይነካ ከላይ በሰፊው የሚዘረጋው ክልል ሲሆን ከታች ያለው ምድር ቢያንስ 700 ጫማ ሊርቀው ይገባል። ትንሽ አውሮፕላን ግንዱን ሳይነካ ከጥላው ሥር መብረር ይችላል። በእኛ አገር ያለው ፈተና ከጥላው ሥር ያለው ምድር እኩል አለመሆኑ ነው። የቦሌ መንደርደሪያ በ7,625 ጫማ ከፍታ ላይ ተኝቷል፤ በስተሰሜን እንጦጦ 10,500 ጫማ ገደማ ይቆማል፣ በስተምዕራብ ወጨጫ ከ11,000 ይበልጣል፣ በስተደቡብ ምሥራቅ የረር ከ10,000 ያልፋል። አብራሪው ተራራውን ለማለፍ ከፍ ሲል ቅርንጫፉ ይነካዋል፤ ቅርንጫፉን ሽሽት ዝቅ ሲል ተራራው ይጠብቀዋል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ የቦሌ አየር ከ10,000 ጫማ በላይ እንዳለ አየር ይሳሳል፤ አየር የሚያምቅ ተርቦቻርጀር የሌለው ትንሽ ሞተርም በዚህ አየር ውስጥ ከኃይሉ ሠላሳ በመቶ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ «ከፍ ብዬ ከላይ ላልፈው» የሚባለው መውጫ ብዙ ጊዜ የለም።

ለመሆኑ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ጥግ ላይ ብታልፍ ማንን ትነካለች? የቦሌ ሁለቱ መንደርደሪያዎች የተዘረጉት በ07 እና በ25 አቅጣጫ፣ ማለትም በኮምፓስ ወደ 70 እና ወደ 250 ዲግሪ ገደማ ነው። መስመራቸውን ወደ ምሥራቅ ብንስበው በለገጣፎና በለገዳዲ ወገን ያልፋል፤ ወደ ምዕራብ ብንስበው በሰበታ ወገን። ለማረፍ የሚመጣ ትልቅ አውሮፕላን በ3 ዲግሪ ተዳፋት ስለሚወርድ በየኖቲካል ማይሉ 300 ጫማ ያህል ዝቅ ይላል። ማረፊያው 10 ኖቲካል ማይል ሲቀረው፣ ለገዳዲ አካባቢ፣ ከመንደርደሪያው 3,000 ጫማ ገደማ ከፍ ብሎ ነው፤ ይህም ከባሕር ጠለል 10,700 ጫማ አካባቢ ማለት ነው። እዚያ ያለው ምድር ራሱ ከ8,000 ጫማ በላይ ነው። ለገዳዲ ላይ ሆኖ ከመሬት 2,000 ጫማ ከፍ ያለ አብራሪ «ዝቅ ብዬ ነው ያለሁት» ብሎ ያስባል፤ በእርሱና በሚያርፈው አውሮፕላን መካከል ግን ጥቂት መቶ ጫማ ብቻ ቀርቷል። ባይጋጩ እንኳ ከትልቁ ክንፍ የሚወጣው የአየር ሽክርክሪት ወደ ታች ሰምጦ ለደቂቃዎች ይቆያል። ተቆጣጣሪዎች ቀላል አውሮፕላን ከከባድ አውሮፕላን ኋላ 6 ኖቲካል ማይል እንዲርቅ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ስሌቶቹ። የመጀመሪያው ፍጥነት ነው፤ ደጋ ላይ ብዙ አብራሪ የሚስተው እርሱን ነው። ቆላ የሠለጠነ ሰው የፍጥነት መለኪያው 100 ኖት (በሰዓት 100 ኖቲካል ማይል) ሲያሳየው በእርግጥም ወደ 100 ኖት ይጓዛል። በ10,000 ጫማ ላይ መርፌው ያው 100 ላይ ቆሞ አውሮፕላኑ በ120 ኖት ገደማ ይሄዳል፤ አየሩ ሲሳሳ መለኪያው በየ1,000 ጫማው 2 በመቶ ያህል አሳንሶ ይነግራልና። በ20 ደቂቃ ውስጥ ልዩነቱ ከ6 ኖቲካል ማይል በላይ፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከቢሾፍቱው የሐረር ሜዳ አየር ማረፊያ እስከ ቦሌ ያለው 20 ኖቲካል ማይል ገደማ ነው። ስለዚህ ከአዳማ ወገን የፈጣን መንገዱን ተከትሎ በሰዓትና በመርፌ ብቻ እየቆጠረ የሚመጣ ሰው ዱከም ላይ ነኝ ሲል ገላን ደርሷል። በበጋ የሚነፍሰው የምሥራቅ ነፋስ ከኋላ ሲገፋው ደግሞ ይብሳል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመነሣት በፊት እውነተኛውን ፍጥነት ማስላት፣ በየ5 ደቂቃው መድረሻ የሚሆን በዓይን የሚታይ ነገር ካርታው ላይ ምልክት ማድረግ፣ ያ ነገር በሰዓቱ ካልታየ ወደ ፊት አለመግፋት።

ሁለተኛው አልቲሜትር፣ ከፍታን በአየር ግፊት የሚለካው መሣሪያ ነው። ከሩቅ ሲመጡ መለኪያው በመደበኛው የባሕር ጠለል ግፊት፣ በ1013 ሄክቶፓስካል ላይ ተሞልቶ ይቆያል። ወደ አካባቢው ሲደርሱ የቦሌን ግፊት ተቀብሎ መቀየር ያስፈልጋል። የተነገረው ግፊት 1026 ነው እንበል። ያልቀየረ አብራሪ 13 ሄክቶፓስካል ይጎድለዋል፤ አንዱ ሄክቶፓስካል 27 ጫማ ያህል ስለሆነ 350 ጫማ ይሆናል። መርፌው 9,500 ሲለው እርሱ 9,850 ላይ ነው፤ የቅርንጫፉ ወለል 9,700 ቢሆን ሳያውቀው ገብቷል ማለት ነው። አቅጣጫውን ልብ ማለት ይገባል። የአካባቢው ግፊት ከ1013 በላይ በሆነ ቁጥር ያልተቀየረ መለኪያ አብራሪውን ካለበት ዝቅ አድርጎ ያሳየዋል፤ አብራሪውም የጎደለ መስሎት ከፍ ይላል። በስልክ ወይም በታብሌት ላይ የሚታየው የጂፒኤስ ከፍታም አያድንም፤ የክልሉ ወሰን የሚለካው በግፊት ነውና። በሌላ አገር እንደሚደረገው መለኪያውን መሬት ላይ ዜሮ አድርጎ መነሣትም እዚህ አይሠራም፤ በቦሌ ከፍታ ያለው ግፊት ከ780 ሄክቶፓስካል በታች ስለሆነ የብዙ አልቲሜትር መስኮት እስከዚያ አይወርድም።

ስለ ካርታው ጥቂት እንበል። አንድ ለሚሊዮን በሆነ ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው። በደነዘ እርሳስ የተሰመረ የጉዞ መስመር ብቻውን አንድ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ መስመሩን የወሰኑ ጠርዝ ላይ ማስነካት በራሱ መግባት ነው። በጎን 2 ኖቲካል ማይል፣ ከታች 200 ጫማ መራቅን ልማድ ማድረግ ደግ ነው። የታብሌት መተግበሪያም መረጃው ያረጃል፤ የዓለም የበረራ መረጃ በየ28 ቀኑ ይታደሳልና ከበረራ በፊት ቀኑን ማየት ግዴታ ነው።

ሦስተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው፤ ይህ የእኛ ብቻ ፈተና ስለሆነ ዘርዘር እናድርገው። የአየር ክልል ለጊዜው ሲዘጋ ወይም ሲገደብ ማስታወቂያው የሚወጣው ለአብራሪዎች በሚላክ ኖታም በሚባል አጭር መልእክት ነው። የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ጊዜ በ10 አኃዝ ይጻፋል፦ ሁለቱ ዓመት፣ ሁለቱ ወር፣ ሁለቱ ቀን፣ አራቱ ሰዓትና ደቂቃ። ዓመቱና ወሩ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ የግሪንዊች፣ ከአዲስ አበባ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀር። 2509110600 የሚል ቢመጣ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለት ነው፤ 0600 ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ክልሉ ከ0600 እስከ 0900 ዝግ ነው ቢል የተዘጋው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ነው። አማርኛ ተናጋሪ አብራሪ ቸኩሎ ካነበበው «ከ6 እስከ 9 ሰዓት» ብሎ ይይዘዋል፤ 4 ሰዓት ላይ ይነሣል፤ ዝግ በሆነው ክልል መካከል ይገኛል፤ ክልሉ ሲከፈት ደግሞ ተዘግቷል ብሎ መሬት ላይ ይቀመጣል። ሰውዬው ኖታሙን አላነበበም ማለት አይቻልም፤ ያነበበው በሦስት የሰዓት አቆጣጠር መካከል ቆሞ ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው። በጉልበት ላይ በሚታሰረው ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ይሠመር፤ በአንዱ የግሪንዊች፣ በሁለተኛው በውጭ አቆጣጠር የሚነበበው የአካባቢ ሰዓት፣ በሦስተኛው የእኛ ይጻፍ። የግሪንዊቹን ወደ እኛ ለመመለስ 3 መቀነስ ይበቃል፤ ተቀንሶ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 12 መጨመር፣ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 መቀነስ ነው። ሰዓቱንም ከመነሣት በፊት ሌላ ሰው አንብቦ ያረጋግጠው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሬዲዮው ይመጣል። ርእሳችን የመጣው ከዚህ ነው። የአየር ክልል እንደ ቁጥጥሩ ልክ በፊደል ይመደባል። በአሜሪካ ሲ እና ዲ በሚባሉት ክልሎች ለመግባት ተቆጣጣሪው የአውሮፕላኑን መጠሪያ ጠርቶ ከመለሰ ይበቃል፤ «ስታንድባይ» (ጠብቅ) ብሎ ቢመልስ እንኳ መጠሪያውን ከጠራ ግንኙነት ተፈጥሯል ይባላል። በዓለም አቀፉ ደንብ ግን በዓይን እያየ የሚበር አውሮፕላንም ቢሆን ቢ፣ ሲ እና ዲ ውስጥ ለመግባት ግልጽ ፈቃድ ያስፈልገዋል። እዚያ ተምሮ የመጣ አብራሪ እዚህ የሚሳሳተው ሕግ ንቆ አይደለም፤ የተማረውን ይዞ ነው። አሠልጣኞች ይህን በመጀመሪያው ቀን ቢያስተምሩት ብዙ ስሕተት ይቀራል። የበረራ ዕቅድ ማስገባት ፈቃድ አይደለም። የአየር ጠባይና የሌላ አውሮፕላን መረጃ መቀበል ፈቃድ አይደለም። ማንነትንና ከፍታን ለራዳር በሚልከው መሣሪያ፣ በትራንስፖንደር ላይ የሚሞላ ቁጥር መሰጠትም ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ ማለት «ክሊርድ» (ተፈቅዷል) የሚለው ቃል ከመጠሪያህ፣ ከመንገድህና ከከፍታህ ጋር ተነግሮህ አንተም መልሰህ ያነበብከው ነው። የጎደለ ካለ «ክልሉ ውስጥ እንድገባ ፈቅደዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

ጥሪውም በጊዜው ይሁን፤ ወሰኑ 10 ኖቲካል ማይል ወይም 5 ደቂቃ ሲቀረው። ማን እንደሆንክ፣ የአውሮፕላንህ ዓይነት፣ ያለህበት ቦታ፣ ከፍታህ፣ የምትሄድበት፣ የምትጠይቀው፤ በዚህ ቅደም ተከተል። ከሰሜን ለሚመጣ አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ አለ። የአውሮፕላን ሬዲዮ ተራራ አይሻገርም። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ዝቅ ብሎ ከእንጦጦ ጀርባ የሚበር አብራሪ ቢጠራም ላይሰማ ይችላል። ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ጫፉን ሲያልፍ ከተማው በአንድ ጊዜ ይዘረጋለታል፤ ቦሌ በዚያን ጊዜ በ13 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ጥሪው ጫንጮ ሳይደርሱ፣ ከፍታ እያለ መጀመር አለበት። መልስ ካልመጣ ወደ ፊት መሄድ የለም፤ እየዞሩ መጠበቅ ነው። ሲጠብቁም ቦታ ያስፈልጋል። በ120 ኖት እውነተኛ ፍጥነት በሴኮንድ 3 ዲግሪ እየዞሩ አንድ ክብ ለመሙላት 2 ደቂቃ ይፈጃል፤ የክቡ ስፋትም 2.4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከወሰኑ በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ወደ ወሰኑ በኩል መዞር የጀመረ ሰው ሲዞር ይገባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ይሳሳታል። ከገቡ በኋላ ምን ይደረግ? መጀመሪያ አውሮፕላኑን ማብረር፤ በድንጋጤ ጠምዝዞ መውረድ ወይም ደመና ውስጥ መግባት ስሕተቱን አደጋ ያደርገዋል። ቀጥሎ ትራንስፖንደሩ በርቶ ከፍታ እንደሚልክ ማረጋገጥ። ወዲያው ደግሞ በአካባቢው ፍሪኩዌንሲ፣ ካልታወቀ በአደጋ ጊዜው ፍሪኩዌንሲ በ121.5፣ «ቦታዬን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ክልላችሁ ገብቼ ሊሆን ይችላል፤ ከፍታዬ ይህ ነው፤ መመሪያ እፈልጋለሁ» ማለት። መልስ እስኪመጣ በአጭሩ መንገድ ወደ ውጭ ማምራት፤ የማረፊያውን መስመር ግን አለመሻገር። ተቆጣጣሪ የሚጨነቀው የማያውቀው ነጥብ ራዳሩ ላይ ሲታየው ነው። አብራሪው ከተናገረ ያ ነጥብ ስምና ከፍታ ያገኛል፤ ትልቁን አውሮፕላን በ1,000 ጫማ ወይም በጥቂት ማይል ማራቅ የዕለት ሥራው ነው።

የሚያሳዝነው የሚፈጸመው የዚህ ተቃራኒ መሆኑ ነው። ቅጣት የፈራ አብራሪ ትራንስፖንደሩን አጥፍቶ ዝቅ ብሎ ሊያመልጥ ይሞክራል። ይህን አጥብቀን እንድንቃወም የሚያደርገን ምክንያት አለ። በትላልቅ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ የሚሰማው የሌላውን ትራንስፖንደር ነው። ጠፍቶ ከሆነ ምንም አያይም። በርቶ ከፍታ የማይልክ ከሆነ «አንድ ነገር አለ» ይላል እንጂ ውጣ ወይም ውረድ ብሎ ማዘዝ አይችልም። ነሐሴ 25 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ በካሊፎርኒያ ሴሪቶስ ላይ የሆነው ይኸው ነው። አንዲት ፓይፐር የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ፈቃድ ሳይኖራት የሎስ አንጀለስን ክልል ሳታስብ ገባች፤ ትራንስፖንደሯ ከፍታ አይልክም ነበር። ዲሲ-9 ከሚባል የመንገደኞች አውሮፕላን ጋር ተጋጭታ በሁለቱ አውሮፕላኖች ውስጥ የነበሩት 67 ሰዎችና መሬት ላይ የነበሩ 15 ሰዎች ሞቱ። አሜሪካ በተጨናነቁ ክልሎች ከፍታ የሚልክ ትራንስፖንደርን፣ በአየር መንገድ አውሮፕላኖች ላይም የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያን ያስገደደችው ከዚያ በኋላ ነው።

በሐረር ሜዳ የአየር ኃይል ማዕከል ስላለ ይህንም ማወቅ ደግ ነው። የጦር አውሮፕላን ከፊትና ከግራ መጥቶ ክንፉን ካወዛወዘ «ተከተለኝ» ማለቱ ነው። ክንፍ አወዛውዞ መከተል፣ በ121.5 መናገር፣ ሌላ ካልታዘዙ ትራንስፖንደሩ ላይ የአደጋውን ቁጥር 7700 መሙላት ነው። ፊት ለፊት ሳያቋርጥ በድንገት ወደ ላይ ተጠምዝዞ ከተለየ «መሄድ ትችላለህ» ማለቱ ነው።

ይህን አሁን የምንጽፈው በቢሾፍቱ አቡሴራ የሚሠራው አዲሱ አየር ማረፊያ ሥራ ሲጀምር የከተማው ደቡብና ምሥራቅ ሰማይ እንደገና ስለሚሸነሸን ነው። በቦሌና በሐረር ሜዳ አጠገብ ሦስተኛ ግንድ ይተከላል። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ለትንንሽ አውሮፕላኖች የሚከለሉ መንገዶችና ወሰኖች ከላይ በዓይን በሚታዩ ነገሮች ላይ ይታሰሩ፤ በፈጣን መንገዱ፣ በባቡር ሐዲዱ፣ በቢሾፍቱ ሐይቆች፣ በዝቋላ። ለውጡም ሥራ ላይ ከመዋሉ 56 ቀን ቀደም ብሎ ይታተም፤ የበረራ ማሠልጠኛዎች በአማርኛም ያስረዱት። ሁለተኛ፣ ስሕተቱን ራሱ በሬዲዮ የተናገረና ትራንስፖንደሩን ያላጠፋ አብራሪ ከተደበቀው ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘን። የሪፖርት ቅጹም «ለምን ገባህ?» ብሎ አይጀምር። አልቲሜትርህ ስንት ላይ ነበር፣ ሰዓትህ በየትኛው አቆጣጠር ነበር፣ ከመግባትህ በፊት መጨረሻ የሰማኸው የሬዲዮ ቃል ምን ነበር ብሎ ይጠይቅ።

በአየር ትራፊክ ቁጥጥርና በበረራ ማሠልጠን ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ከለገጣፎ